ያልፈላው ቱቦ

አዜብ በአሥራ አራት ዓመት የጽዳት ሥራ አንድ ሕግ ነበራት፤ ያልፈላ ነገር ሠርቷል አይባልም። ስቶክሆልም ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ታጸዳለች። ውሃ በመታጠቢያ ገንዳው ላይ የሚተወው ነጭ የኖራ ቅርፊት ላይ አቼቶ ታፈሳለች፤ አረፋ ሲያወጣ ቅርፊቱ እየለቀቀ መሆኑን ታውቃለች።

ይኸው ሕግ በኬሚስትሪ ፈተና ሁለት ጊዜ ጣላት። የሙከራ ቱቦ አሳይተው "ሬዶክስ ነው?"፣ ማለትም ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደበት ለውጥ ነው ወይ፣ ሲሏት የፈላውን ሁሉ "ነው" ትላለች። ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀች የምትማርበት የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ቦታዋን ለሌላ ይሰጣል። እሷ ደግሞ የላቦራቶሪውን ገንዳ ማጠብ ትታ ደም መመርመር ነው የምትፈልገው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው።

ማክሰኞ ረፍቷ ነው። ብሬዴንግ በሚባለው ሰፈር፣ ከምትኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ያለው የጋራ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት የእሷ ተራ ነው። ተራ የሚያዘው ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ፣ በሚፈለገው ሰዓት ቀዳዳ ላይ የራስን ቁልፍ ሰክቶ በመቆለፍ ነው። ጎረቤቷ ጋሽ ክፍሌም ይወርዳሉ። ከመሰደዳቸው በፊት ደሴ ኬሚስትሪ አስተምረዋል፤ እዚህ ሃያ ስድስት ዓመት የምድር ባቡር ነድተው ጡረታ ወጡ። እሷ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ እሳቸው ያስተምሯታል።

"አቼቶና የገንዳ ቅርፊት። ሬዶክስ ነው?"

"ይፈላል እኮ፣ ጋሼ!"

"ሽሮም ይፈላል። የኦክሲዴሽን ቁጥር ስጪኝ።"

ማሽኑ ላይ ተደግፋ ፖስታ ጀርባ ላይ የእያንዳንዱን አቶም ቁጥር ጻፈች፤ ኤሌክትሮን ከሰጠ ፕላስ፣ ከተቀበለ ማይነስ። ቅርፊቱ ውስጥ ካልሲየም ፕላስ ሁለት። ሦስቱ ኦክስጅኖች ማይነስ ስድስት። ድምሩ ዜሮ እንዲሆን ካርቦን ፕላስ አራት መሆን አለበት። አረፋ ሆኖ በሚወጣው ጋዝ ውስጥም ካርቦን ፕላስ አራት ነው።

"አልተነቃነቀም" አለች።

"ሌሎቹስ?"

ሁሉንም አየች። "እንደነበሩ ናቸው።"

"ታዲያ ኤሌክትሮን የሰጠም የተቀበለም የለም። ሬዶክስ የሚባለው ቁጥሩ ሲለወጥ ነው። በዓይንሽ አትተማመኚ፤ የጽዳት ሠራተኛ ዓይን ነው።"

"የባቡር ነጂ ዓይን ይሻላል?"

"እኔ መብራት አይቼ ነው የምቆመው፤ አረፋ አይቼ አይደለም።"

በፈተናው ቀን የትኛው ሬዶክስ እንደሆነ እንድትለይ ሁለት ቱቦዎች ቀረቡላት። በአንደኛው የኖራ ድንጋይ በአሲድ እየተንተከተከ አረፋው እስከ አፉ ደረሰ። ሁለተኛው ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ነው፤ ውስጡ የብረት ሚስማር ቆሟል፤ ጸጥ ብሏል። እጇ የለመደውን አደረገ፤ መልስ ወረቀቱ ላይ ከአንደኛው ሥር "ሬዶክስ" ብላ ጻፈች።

ሽሮው ትዝ አላት። ሰረዘችው።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ደረደረች። ካርቦን በፊት አራት፣ በኋላም አራት። ሚስማሩ ጋ ግን ብረት ከዜሮ ወደ ፕላስ ሁለት ሄዷል፤ ኤሌክትሮን ሰጥቷል። መዳብ ከፕላስ ሁለት ወደ ዜሮ ወርዷል፤ ተቀብሏል። ሬዶክሱ ያልፈላው ነው። መልሷን አስረክባ ስትወጣ ፈታኟ ሚስማሩን አወጣችው፤ ቀይ መዳብ ለብሷል።

ውጤቱ ሐሙስ፣ ከሥራ ስትመለስ ባቡር ላይ ደረሳት። ደወለች።

"አለፍኩ፣ ጋሼ።"

"በዓይን ነው በቁጥር?"

"በዓይን ጽፌ ሰረዝኩ። ከዚያ በቁጥር።"

"ጎሽ። የሚቀጥለው ኮርስ፣ ኬሚስትሪ ሁለት፣ ይከብዳል።"

"አውቃለሁ። ካልሲዎን ያዘጋጁ።"

ቤት ሳትገባ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ሰሌዳው ላይ የመጪው ማክሰኞ አራት ሰዓት ገና አልተያዘም። ቁልፏን ሰክታ ቆለፈችው።