ባሌ ያደነቀው የኢስታንቡል ዓሣ

ቅናት አላውቅም ብል ውሸት ነው። እንደ ሰው እቀናለሁ፤ እንዲያውም ትንሽ በዛ ይላል ይሉኛል። ግን አንድ ቀን በተጠበሰ ዓሣ እቀናለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ለዚህ ያበቃኝ ባሌ ይትባረክ ነው።

ይትባረክ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት ሰፈር ነው፤ እኔ ደግሞ ጣና ዳር ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። ቆሮሶ እጠብሳለሁ፣ የአምባዛ ጉላሽ እሠራለሁ፣ የሚያቃጥለውን ዳጣ ለማንም አልሰጥም፣ ራሴ ነኝ የማዘጋጀው። ምሳ ሰዓት ላይ የዩኒቨርሲቲው፣ የፔዳ ግቢ መምህራን ይጎርፋሉ። "አገርነሽ፣ እጅሽ ይባረክ!" ሳይለኝ የሚወጣ የለም። እንዲህ ብሎኝ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አግብቼዋለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት! ያቀረብሁለትን ሁሉ ጸጥ ብሎ ይበላል፣ ሳህኑን ጥርግ ያደርጋል፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይነሳል። ጣፈጠ የለ፣ መረረ የለ። መጀመሪያ መጀመሪያ "እንዴት ነው?" እለው ነበር። "ደኅና ነው" ይለኛል፣ ስለ ጎረቤት ጤና የጠየቅሁት ይመስል። ኋላ መጠየቁን ተውሁት። ልጅነቱን ያሳለፈው ዜጌ፣ አብነት ትምህርት ቤት ነው፤ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዳዊት ደግሟል፣ ለድቁና ጥቂት ሲቀረው ነው ትቶ ከተማ የገባው። ዝምታው ከዚያ የመጣ ነው ብዬ ተቀበልሁት። ዝምተኛ ባል ከለፍላፊ ይሻላል እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖርሁ።

ታዲያ አምና ፋብሪካው አዲስ የሽመና ማሽን ሊያስገባ ነው ተባለና ይትባረክን ለሦስት ወር ሥልጠና ኢስታንቡል ላኩት። በሄደ በሳምንቱ ደወለ።

"አገሬ!" አለኝ። "ዛሬ የበላሁት ዓሣ! ድልድይ ሥር ነው የሚሸጠው። ከሰል ላይ ይጠብሱታል፣ ዳቦ ውስጥ ይከቱታል፣ ሽንኩርት ጣል፣ ሎሚ ጭምቅ... ኧረ ምኑን ልንገርሽ! ጣት ያስቆረጥማል።"

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አዎ፣ የባሌ ፎቶ ነው ያለው።

"ጣፈጠህ?" አልሁት።

"ጣፈጠህ ወይ ትያለሽ? እንዲህ ያለ ቀምሼም አላውቅ!"

ቀምሼ አላውቅም! ይህን የሚለው ዓሣ ስትጠብስ እጇ ተቃጥሎ ላለቀ ሚስቱ ነው። እርር ድብን አልሁ። በማግሥቱም ደወለ፣ በሳልስቱም ደወለ፤ ወሬው ያው ዓሣ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ "ነርሚን ዛሬ ትልቁን መርጣ ጠበሰችልኝ" ሲለኝ ጉድ ፈላ።

"ነርሚን ማን ናት?"

"ጠባሿ ናታ።"

ስም አውቋል ማለት ነው። ትልቁንም ትመርጥለታለች። አብራኝ የምትሠራው ሲና ዓይኔ ቀልቶ ስታየኝ "እትዬ፣ ጋሼ ያደነቁት እኮ ዓሣውን ነው" አለችኝ። "ዓሣው ራሱን ጠበሰ?" አልኋት።

ለአዲስ ፍሪጅ ያጠራቀምሁት ገንዘብ ነበር። አወጣሁት። ቪዛው አንድ ወር ፈጀ፤ እሱን ወር እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ ነኝ የማውቅ። ለጎረቤት "አገር ልይ ብዬ ነው" አልሁ። ለእኅቴ "ባሌን ልጠይቀው ነው" አልሁ። እውነቱን የነገርሁት ለሲና ብቻ ነው፤ ያችን ዓሣ ልቀምሳት ነው የምሄደው።

ኢስታንቡል ስደርስ ይትባረክ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥቶ ሲያየኝ ደስታው ሌላ ነበር። አቅፎ አልለቅ አለኝ። "መጀመሪያ ምን ላሳይሽ?" ሲለኝ "ዓሣ" አልሁት። ሳቀ፤ የቀለድሁ መስሎታል።

ከተማው ለጉድ ነው። ሰው ሁሉ የሚኖረው ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲበላና ሲጠጣ ይመስላል። በየመንገዱ በጋሪ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ይሸጣሉ። ወገቧ በጠበበ ትንሽ ብርጭቆ ሻይ እየደጋገሙ ያመጣሉ፤ በቃኝ ለማለት ቋንቋውን ስለማላውቀው ስድስት ጠጣሁ። አንድ ምግብ ቤት ገና ሳናዝ ዳቦ ከመሩልንና "መልስላቸው፣ የሌላ ሰው ነው" አልሁት። "የኛ ነው፣ ልማዳቸው ነው" አለኝ። ሁሉን ያውቃል! እዚህ ባሕር ዳር ከቤት ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ቤት የሚመላለስ ሰው፣ እዚያ ምኑ የት እንደሚጠጣ፣ ምኑ ከምን ጋር እንደሚበላ ያስረዳኛል። በሱም ቀናሁ። ድልድዩ ላይ ደግሞ ወንዶች ተደርድረው መንጠቆ ጥለዋል፤ የሚያወጧት ዓሣ ጣቴን አታክልም። ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ነርሚን ጋ ደረስን።

በሐሳቤ የሳልኋት ሴት ሌላ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፀጉሯ የተለቀቀ፣ ሊፒስቲክ የተቀባች። ያገኘኋት የኔው እኩያ ናት። ወፈር ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ክንዷ ላይ እንደኔ ዘይት ያቃጠለው ጠባሳ ያለባት። ይኸ ይብስ አናደደኝ። ቆንጆ ብትሆን በመልኳ ነው እል ነበር። አሁን ምን ልበል? በሙያዋ ነው።

ቀመስሁት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጥሩ ነው። ከሰሉም ልክ፣ ሎሚውም ልክ። ግን የኔ ዳጣ ጠብ ቢልበት ዓሣ ይሆን ነበር። ይህን እያሰብሁ ሳለ ይትባረክ በልቶ ጨረሰ፣ ከፈለ፣ ተነሳና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ኤሊኒዜ ሳሊክ!" አላት። ሴትዮዋ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀችለት።

"ምን አልኻት?"

"እጅሽ ጤና ያግኝ ማለት ነው። እዚህ ላበሰለ ሰው እንዲህ ይባላል።"

"እጅሽ ይባረክ ማለት ነዋ!"

"እንዲያ በይው።"

ዓይኔ ጨለመ። ለኔ በሃያ ሁለት ዓመት በአማርኛ ያልወጣው ቃል ለሷ በቱርክኛ ወጣ! ዳቦዬን አስቀምጬ ጥያቸው ሄድሁ። ውኃው ዳር አንድ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ተከትሎኝ መጣና ምን ሆንሽ አለኝ። አልሸፋፈንሁም።

"አንድ ነገር ንገረኝ። እኔ የማበስለው ይጣፍጥሃል ወይስ አይጣፍጥህም?"

አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠ።

"ዜጌ ተማሪ ሳለን" አለኝ፣ "በየደጁ እየለመንን ነበር የምንማረው። የኔታ አንድ ነገር አጥብቀው ይከለክሉን ነበር። የተሰጣችሁን አታድንቁ፣ አትንቀፉ። ቆሎም ይሁን ፍትፍት፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላችሁ እለፉ። ይጣፍጣል ያለ ተማሪ ጨምሩልኝ ማለቱ ነው፤ የሌላዋን እናት ደጅም ማሳነሱ ነው። አንዴ አንዲትን እናት ወጥዎ ሲጣፍጥ ብያቸው የኔታ ሰሙ። ሦስት ቀን የለመንሁትን ሁሉ ለጓደኞቼ አሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ አፌ እንቢ አለ።"

"ለነርሚንስ እንዴት እሺ አለ?"

"ከነርሚን ገዝቼ ነው የምበላው። የገዛሁትን አደንቃለሁ፣ እነቅፋለሁ። ያንቺን መች ገዛሁት? ያንቺ የተሰጠኝ ነው።"

ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ቃል አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። እኔ ግን ጥያቄዬ አልተመለሰልኝም። ይጣፍጥሃል ወይ ነው ያልሁት።

"እንግዲያው ባሕር ዳር ስትመለስ" አልሁት፣ "ዓሣ ቤቴ መጥተህ፣ እንደ ሰው አዘህ፣ ከፍለህ ትበላለህ። ከዚያ ትነግረኛለህ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሥልጠናውን ጨርሶ በተመለሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ከመምህራኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሲና እያፈረች ታዘዘችው። ካሉኝ ቆሮሶዎች ሁሉ ደልቡን መርጬ እንደ ወትሮዬ ጠበስሁለት፤ ምንም አልጨመርሁም፣ ምንም አልቀነስሁም። ሂሳቡን ቀድሞ ከፈለ። በላ። አጥንቷ ብቻ ስትቀር እጁን ጠረገ። ፊቱ ቆሜ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። መምህራኑም ወሬያቸውን አቁመዋል።

"ጨው ይበዛበታል" አለ።

"ዛሬ?"

"ዛሬም። ከተጋባን ጀምሮ።"

"የነርሚንስ?"

"የሷ ልክ ነው።"

ከመምህራኑ አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ዞሬ ሳየው ውኃውን አነሳ። ሳህኑን አፈፍ አድርጌ ወጥ ቤት ገባሁ። ሌላ ቆሮሶ አወጣሁ፣ ጨውን በሁለት ጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ ጠበስሁ። ነርሚን ብትቀምሰው የኔ ነው የምትለውን ዓሣ ወስጄ ፊቱ አስቀመጥሁለት።

ቀመሰ። አኘከ። ማኘኩን አቆመና ሳህኑን ወደኔ ገፋው።

"ይኸ ያንቺ አይደለም" አለ። "እኔ የከፈልሁት ያንቺን ልበላ ነው። ጨውሽን አምጪ።"

ሲና እየሮጠች ጨው አመጣችለት። ከእጇ ነጥቄ ራሴ ነሰነስሁለት።