በጉም የሚነበቡ ስሞች

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ከቢቸና ተነስተው ሞጣ ድረስ እኔን ፍለጋ መጡ። የአርበኞቹ ሐውልት ሊታደስ ነውና፣ በደርግ ጊዜ ስሞቹን የጻፈው ሠዓሊ በሕይወት እንዳለ ባለቤቴን ጠየቋት። «ለምግብ አለ፤ ለሥራ ሲጠሩት የለም» አለቻቸው።

ሠዓሊ መባሌ ደስ አለኝ። ያኔ የጠጅ ቤት ሰሌዳ እየጻፍሁ የምኖር፣ ቅኔ ቤት ገብቼ ከቅኔው ይልቅ ቁራሽ ልመናው የቀናኝ ጎረምሳ ነበርሁ። የቢቸና ቀበሌ ሊቀመንበር ሐውልቱ ለአብዮት በዓል እንዲደርስ ሲያስጠራኝ፣ በነሐሴ ጭቃ፣ የእህል መኪና ላይ ጆንያ ተደግፌ፣ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምሁ ቢቸና ገባሁ።

በጣሊያን ጊዜ የወደቁት ስም በኖራ ልስን ላይ በቀለም ተጽፎ ነበር፤ ቀለሙ ለቆ ግድግዳው ባዶ ሆኗል። ምን ልጽፍ ነው ብዬ ስተክዝ በማግስቱ ጧት ጉም ወረደ። ልስኑ ሲረጥብ ስሞቹ ከውስጥ እየጠቆሩ ብቅ አሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ተመልሰው ገቡ። ሥራዬ በጉም ብቻ ሆነ። ሰው ከኋላዬ የሚተነፍስ እየመሰለኝ፣ ሙታኑ ሳይሰወሩብኝ በብሩሽ እከተላቸዋለሁ። ለድፍረት ብዬ አፏጨሁ፤ ፉጨቴ ራሴን ሲያስደነግጠኝ ተውሁት።

አንድ ጧት እውነትም ሰው ቆሞ አገኘሁ። የሰፈሩ እናት እማማ የሺ ነበሩ፤ ጉሙ ነጠላቸውን ውጦት ፊታቸው ብቻ ይታያል። «አየነው ታከለ» የሚለውን ልጀምር ስል እጄን ያዙኝ።

ወንድማቸው ነው። ስሙ እንዳይጠፋ ለልጃቸው አወጡለት፤ ልጁም አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ በአያቱ በታከለ ይጠራል። ያ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም።

«ሟቹ አይቀየመኝም» አሉ። «ያለውን ከሙታን ጋር አትጥራብኝ፣ ልጄ።»

ቦታውን ባዶ ብተወው ሊቀመንበሩ አድኃሪ ይለኛል። በክርስትና ስሙ ልጻፈው ብል፣ ወንድማቸው ሲሞት እማማ የሺ ሕፃን ስለነበሩ አያውቁትም። ስለዚህ በአገሩ ለማንም ሲወጣ ያልሰማሁትን፣ ማንንም የማይጠራ ስም ፈለግሁ። «ኃይለ» ብዬ ጀምሬ የወረዱት ንጉሥ ትዝ ሲሉኝ ቶሎ በኖራ አጠፋሁት፤ ብጨርሰው ኖሮ ሐውልቱ ላይ የሚጨመረው የእኔ ስም ነበር። በመጨረሻ «ዘርዐ ጽዮን» ብዬ ጻፍሁ።

በበዓሉ ቀን ሊቀመንበሩ ስሞቹን ጮክ ብሎ አነበበ። ሲጨርስ፣ ከመርጡለ ማርያም የመጡ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ቄስ ጸሐፊውን አምጡልኝ አሉ።

«የአየነውን የክርስትና ስም ማን ነገረህ?»

«የቱን፣ አባቴ?»

«ዘርዐ ጽዮንን ነዋ። ጫካ ውስጥ ስንቀብረው በዚህ ስም የፈታሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።»

ከጭንቅላቴ አወጣሁት ልበላቸው? ከቅኔ ቤት ጀምሮ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ልክ የሆነ ነገር አልነበረም። አጠገቤ የቆሙት እማማ የሺ አላለቀሱም፤ ወደ ሰሜን ዞረው «እንግዲህ ይመጣል» አሉ።

ደርግ ሲወድቅ መጣ። አብረውት ከዘመቱት ብዙዎቹ ግን ስማቸው የትም ሳይጻፍ ቀሩ። ስለዚህ ሞት ከግድግዳ ያነባል አልልም። አያነብም ብዬም አልምልም።

ይህን ስነግራቸው ወጣቶቹ የሟቹን የዓለም ስም እንመልስ ሲሉ፣ ዛሬ ጠጉሩ የነጣውን አየነውን ጠይቁ ብዬ ሰደድኋቸው። ትናንት ደወሉ። አየነው የባልቴት ወሬ ነው ብሎ ስቆ «ጻፉት» ብሏቸዋል፤ ደጃፉን አልፈው ሲሄዱ ግን ጠርቶ፣ «እስኪ ይህ ክረምት ይለፍ» አላቸው።

ሽማግሌ ከሐውልት ጋር ሲደራደር መስማት ያስቃል፤ ሳቅሁም። ለቀጣዩ ክረምትስ ምን እንደሚላቸው ግን አልጠየቅሁም። በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝና።