የተላሰችው መኪና

ይህ ነገር ይጻፍ አይጻፍ እያልኩ ብዙ አመንትቻለሁ። ጨው ስለበላት የጭነት መኪናና ማጠብ ስለሰለቻቸው አንድ ሽማግሌ ማን ማንበብ ይፈልጋል? ጦርነት የለበት፣ ፍቅር የለበት። ያለው ብረት፣ ውርጭና የአጎቴ ስንፍና ነው። ስንፍና ደግሞ በየቤቱ ሞልቷል፤ ለመጻፍ የሚያበቃ ነገር አይደለም። የአጎቴ ስንፍና ግን ከሌላው የሚለይበት ነገር ነበረው፤ አድናቂዎች ነበሩት። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው።

አጎቴን «እርሳቸው» ማለቴን አንባቢ አክብሮት አድርጎ እንዳይቆጥርብኝ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እንደዚያ ስጠራቸው አድጌአለሁ፤ ምላሴ ሌላ አያውቅም።

አባቴ በሕይወት ሳለ ከእርሳቸው ጋር እኩል አዋጥቶ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ገዝቶ ነበር። ሲያርፍ ግማሿ ለእናቴ ተረፈች። እናቴ በዚህ ዓለም ሌላ ንብረት የላትም። ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ የምንኖርባት ቤት እንኳ የሰው ናት። የምንበላውም፣ እኔ ተምሬ ዩኒቨርሲቲ የደረስኩትም ከዚያች መኪና በሚመጣው ነው። መኪናዋ ከቆመች እኛም ቆምን ማለት ነው። ይህን እናቴ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ አጎቴም ያውቃሉ።

የሚነዱት እርሳቸው ናቸው። የሚጭኑትም ጨው ነው፤ ከጎንደር እየጫኑ ወደ ዳባትና ደባርቅ ገበያ ያወጣሉ። የደጋ ሰው ጨው ለራሱም ለከብቱም ስለሚፈልግ ገበያው አይነጥፍም። ጨው ግን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሆኖም ያልበዋል። ላቡ ጭነቱ በሚቀመጥበት ካሶኒ ጣውላ መካከል እየሰረገ ከሥር ያለው ብረት ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጨው የጫነ መኪና ባራገፈ ቁጥር መታጠብ አለበት፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያሻም። እናቴ ጨው እንዲጭኑ ስትፈቅድ ያስያዘቻቸው ቃልም ይኸው ነበር።

«አያ፣ ባራገፉ ቁጥር ያሳጥቡልኝ።»

«እንዴታ! ላቫጆ ሳላስገባትማ እኔም ቤቴ አልገባ።»

ይህን ያሉት አይናቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ነው። አጎቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ቅኔ ሳይቆጥሩ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ይዘውት የወጡት ነገር ቢኖር ይህ አይንን ወደ ሰማይ ማንሳት ነው።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና አልቆ ቤት ስመጣ ጥምቀት አልፏል፤ የመኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ ደግሞ ደርሷል። ምርመራውን ካላለፈች ቦሎ አይሰጣትም፤ ቦሎ ከሌላት መንገድ አትወጣም። እናቴ ስትደውልላቸው አጎቴ «አታስቢ፣ እዚሁ ታጥባ እንደ ሙሽራ ትመጣለች» አሏት። እናቴ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ሂጂና ስትታጠብ ቆመሽ እይልኝ» አለችኝ። «እንዳትቆጪ ብቻ። የአባትሽ ወንድም ናቸው።»

አልቆጣም ብዬ ሄድኩ።

የአጎቴ ቤት ከዳባት ወጣ ብሎ ነው። አመሻሽ ላይ ደረስኩ፤ በደንብ ተቀበሉኝ፤ ነገ በጧት እናጥባታለን ተባባልን። በማግስቱ ጧት ያነቃኝ ግን የውኃ ድምፅ አልነበረም። እንጨት በሞረድ ሲፋቅ የሚሰማ፣ ግን እርጥበት ያለው ድምፅ ነው። ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኗል፤ የረገጥኩት ሣር ይሰበራል። መኪናዋ ግቢው መሐል ቆማለች፤ የካሶኒዋ ጎንና ጎን መዝጊያ ስፖንዳዎች ወርደዋል። ዙሪያዋን ላሞች፣ በሬዎች፣ ወይፈኖች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመው ይልሷታል። ትንፋሻቸው እንደ ጉም ይወጣል። አንዲት ቦራ ላም አንገቷን ከኋላ አስገብታ የመብራቱን ሽቦ እንደ ሣር ታኝካለች። አንድም የሚነዳቸው ሰው የለም። መንገዱን የሚያውቁ ይመስሉ ነበር።

አጎቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው የቤታቸው ደፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ምኑ?»

«ከብቶቹ!»

«እየታጠበች ነዋ። ምነው፣ አይንሽ አያይም?»

«በምላስ?»

«ምላስ ምን ይጎድለዋል? ሞቃት ነው፣ እርጥብ ነው፣ ደሞዝ አይጠይቅም።» በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። «ለዛሬ ብቻ ነው ደሞ። ውርጩን አታይም እንዴ? በዚህ ብርድ ማኪና ላይ ውኃ ማፍሰስ ጉንፋን ማስያዝ ነው።»

መኪና ጉንፋን እንደማይይዘው ላስረዳቸው አሰብኩ። አልቆጣም ያልኩት ትዝ አለኝና በትሕትና ጨው ብረት ይበላል አልኳቸው።

«ማን አለሽ?» አሉኝ። «ነቢዩ ያንን ክፉ ውኃ የፈወሰው በምን ነበር? በጨው! የሚፈውስ ነገር እንዴት ብሎ ብረት ይበላል?»

«ውኃውን ፈወሰ እንጂ ብረት መቼ ፈወሰ አያ?»

«ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብለሽ ነቢይ ታርሚያለሽ?»

ይህ ነው እንግዲህ የእናቴን ግማሽ የያዘው ሰው። ሰነፍ ሰው አይቻለሁ፤ ግን ስንፍናውን በመጽሐፍ ቅዱስ የሚያስደግፍ፣ ሲደክመው ከብት የሚያሰማራ፣ ከዚያም ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ያየሁት አጎቴን ብቻ ነው። ፍርዴ እንዳይዛባ አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ምላስ የደረሰበት ሁሉ በእርግጥ ያበራ ነበር። ጣውላው እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ሆኗል። ከብቶቹ ሥራቸውን ከአጎቴ በተሻለ ትጋት ይሠሩ ነበር።

ከብቶቹ ጠግበው እንደመጡ በራሳቸው ሄዱ። እኔም ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ከሥር ምላስ አይደርስም። ጭቃና ጨው ተቦክቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ግድግዳ ምርጊት መኪናዋን በተሸከመው ብረት፣ በሻንሲው ላይ ተለጥፏል።

በርሜሉ ላይ በረዶ ጋግሮበታል፤ በድንጋይ ሰበርኩት። ውኃውን በትልቅ ብረት ድስት አሞቅኩ። ማዳበሪያ አንጥፌ፣ አንድ ካቻቢቴና አሮጌ ብሩሽ ይዤ መኪናዋ ሥር ገባሁ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ሴት ልጅ ማኪና ሥር ስትንፏቀቅ ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

«ማኪናዋ ታጠበች ይላል አያ።»

«ጉድ ነው» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከደፉ ግን አልተነሡም። ከዚያው ሆነው ያዝዙኝ ጀመር፤ «ወደ ግራ!»፣ «በደንብ ፈቅፍቂው!»፣ «ባሌስትራዋን እንዳትረሺ!» ሥራ የማይሠራ ሰው ሥራ ሲያሠራ ምን ያህል ዝርዝር እንደሚያውቅ ያን ቀን ተማርኩ።

የማፈሰው ሙቅ ውኃ ብረቱን ሳይጨርስ ይበርዳል። ክንዴ ላይ የወረደው እጅጌዬን አድርቆ እንደ ጣውላ አቆመው። ጣቶቼ መጀመሪያ አመሙኝ፤ ቀጥሎ የእኔ መሆናቸው ቀረ። ምርጊቱን በካቻቢቴ ስቆረቁር በጓል በጓል እየሆነ ፊቴ ላይ ይወድቃል፤ ከንፈሬ ጨው ጨው አለኝ። በሥሩ ያለው ብረት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። አንዱ ልጣጭ ሲነሣ ሌላ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ፈራሁና ብሩሹን አቆምኩ። ይህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወር የመጣ አልነበረም።

ፀሐይ አመዳዩን ስታቀልጥ መኪናዋ ነጽታ ነበር። አጎቴ ዞረው አዩዋትና «ታጠብን» አሉ። እንዲህ ነው ያሉት፤ ታጠብን።

በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ወረድን። መርማሪው ወጣት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ በትንሽ መዶሻ ከሥር ብረቱን ማንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ ደህና ድምፅ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ድምፁ ደፈነ። ከዚያ መዶሻው ገባና ቀረ።

«አባት፣ ይቺ መኪና የት ነው የምትሠራው? ባሕር ውስጥ?»

«ዳባት» አሉ አጎቴ።

«የኋላ መብራቱን ሽቦስ ምን በላው? አይጥ?»

«ጊዜ ነው» አሉ፤ አይናቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ጊዜው ቦራ እንደነበረ እኔ አውቃለሁ።

መርማሪው «አታልፍም፤ የሻንሲው አግዳሚ ተቆርጦ በአዲስ ብረት ይበየድ» ሲል አጎቴ ዞረው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እስከ ትናንት ደህና ነበረች! ይቺ ልጅ ናት ያጠበቻት። ጨውና ጭቃው አያይዞ ይዟት ኖሮ አጥባ ፈታታቻት።»

መርማሪው እኔን አየ፤ የቆሰሉ ጣቶቼን አየ፤ ከዚያ አጎቴን አየ።

«አባት፣ ጨው ብየዳ አይደለም» አላቸው።

አጎቴ መኪናዋን አንድ ብየዳ ቤት ግቢ አስገቡና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ማታ ቀሐ ቤታችን ሆነን ያየሁትን ሁሉ ለእናቴ በፊታቸው ነገርኳት። አጎቴ ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ውርጭ ነበር፣ ሌላ ጊዜ ሁልጊዜ ላቫጆ ነው አሉ። ከብቶቹ መንገዱን የሚያውቁ ይመስሉ ነበር ስል እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «ላም ምን ታውቃለች ልጄ?» አለችኝ። ማመን ፈልጋ ነው። የባሏን ወንድም ውሸታም ማለት ለእርሷ ባሏን ከመቃብር አውጥቶ መስደብ ነው። ቢሆንም ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች።

«አያ፣ እስክትጠገን ቁልፉን ይተዉልኝ። ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ።»

«ወንድሜ ቢሞት እኔን ልትቀብሪኝ?» ብለው ተነሥተው ወጡ። ቁልፉም አብሮ ወጣ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ጎንደር ቆመች፣ ቁልፏ ዳባት ቆመ፣ እኛም በመካከል ቆምን። አጎቴ ዝም አላሉም፤ ሽማግሌ ላኩ። በእኛ ቤት ሽማግሌ እምቢ ማለት አይታወቅም። እናቴ አስቀድማ «ምን አደርጋለሁ፣ ይንዷት እላለሁ» ብላኝ ነበር። ጨው እንደገና ሊጫን፣ ደፉ ላይ ፀሐይ እንደገና ሊሞቅ ነው ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንድ ቄስና ሁለት የአጎቴ ጎረቤት ገበሬዎች። አጎቴ እንደ ተበደለ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ጥግ ተቀመጡ። ቄሱ ባርከው ስለ ዕርቅ ተናገሩ። እናቴ አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማለች። አበቃልን ብዬ ሳስብ ከገበሬዎቹ ትልቁ ምስክርነት ልጨምር ብሎ ተነሣ።

«እትዬ፣ እኛ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣን ሰውየውን ስለምናውቀው ነው። ሸጋ ሰው ነው! ለከብት የሚራራ ለሰው ይጨክናል? አገሩ ሁሉ ለከብቱ ጨው ሲገዛ የኛ ከብት ከእሱ ማኪና ነው የሚልስ። ባልሽ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ጀምሮ አንድ ቀን አጥቦ አላሳፈረንም!»

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኧረ እሱን ተወው…»

«ምነው ልተወው? ደግነትህ ቢነገር ምን አለበት?»

እናቴ አንገቷን መነቅነቅ አቆመች።

«አንድ ቀንም?» አለች።

«አንድ ቀንም! ይቺ ልጅሽ መጥታ አጠበችብን እንጂ። በነጋታው ከብቶቹ መጥተው ማኪናዋን አጥተው ቆመው ዋሉ። አንጀት ይበላሉ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ማየት ጀመሩ። ሁለተኛው ገበሬ ገብቶት ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመው፤ ጓደኛው ግን ውለታ የሚመልስ መስሎት በኩራት ቆሞ ነበር። አጎቴ አይናቸውን ወደ ሰማይ አንስተው መልሰው አወረዱት። በሕይወታቸው የሚጠቅሱት ያጡበትን ጊዜ ሳይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እናቴ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። እጇን ዘረጋች።

«አያ፣ ቁልፉ።»

ከጋቢያቸው እጥፋት አውጥተው ሰጧት። በሩ ጋ ደርሰው «በዚህ ዘመን ደግ መሆን ነው ጥፋቱ» ሲሉ ሰማኋቸው። ገበሬዎቹ ተከትለዋቸው ወጡ፤ ትልቁ ምን እንደተሳሳተ እየጠየቀ ነበር። ቄሱ ግን ቀርተው እናቴን ባረኳት።

አግዳሚው ተበየደ፣ ሽቦው ተቀየረ፣ መኪናዋ ቦሎዋን አገኘች። አሁን ሌላ ሾፌር ነው የሚነዳት፤ ነጭ ሽንኩርትና ገብስ ትጭናለች፤ ጨው አትነካም። ቁልፉ እናቴ መቀነት ውስጥ የታሰረው የካቲት ፲፮ ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው።