ክዳን ያልጠበቀው ብርድ

አክስቴ ራዲዮ የምትከፍተው ለአየር ትንበያው ነው። ዜናውን ሥራዋን እየሠራች ታሳልፈዋለች። ትንበያው ሲጀምር ግን የያዘችውን አስቀምጣ ወደ እኔ ትዞራለች፤ አማርኛው ሲፈጥን ስለማትከተለው በቤታችን ቋንቋ እተረጉምላታለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ለትንበያው ይበቃል። ደመና፣ ነፋስ፣ ዝናብ፣ ሙቀት፤ ከዚህ ብዙም አያልፍም።

እንዲህ የምትከታተለው ስለ ደረቷ ነው። ብርድ ከመታት ትንፋሿ ይዘጋል። ባለፈው ክረምት ተዘግቶባት በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ ተሸክመናት ወደ አማን ሆስፒታል ወስደናት ነበር። ሐኪሙ ሲያሰናብታት ብርድ እንዳይነካት፣ የሚያፈስ ቤት ውስጥም እንዳታድር ነገረን። ሌላ ጊዜ ላንደርስላት እንችላለን አለ። እሷ ደግሞ ሰው ቤት ማደር አትወድም። እንኳን ጎረቤት፣ ሸዋ ቤንች ያለችው እህቷ ቤትም ሄዳ ቢመሽባትም ተመልሳ ትመጣለች። ቤታችን የሳር ክዳን ነበር፤ ሳሩ አርጅቶ ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ያፈስ ነበር። ስለዚህ በጋ ሲገባ በቆርቆሮ እንዲለወጥ ተወሰነ። ቆርቆሮው መጥቶ ግቢ ውስጥ ተደረደረ፤ ጉልበቱን ሰፈሩ በደቦ ሊሰጠን ተስማማ። የቀረው ቀን መምረጥ ብቻ ነበር።

ያ ጥር ሞቃት ነበር። ቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ በፍጥነት ይደርቅ ነበር፤ ውሾቹም ጥላ ካገኙ ሰው መጣ አልመጣ ግድ አልነበራቸውም። ሰው ሁሉ "እንዲህ ያለ ጥር አይቼ አላውቅም" ይል ነበር። አምናም እንዲሁ ብለው ነበር።

እሑድ ጸሎት ቤት ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት አንድ ሽማግሌ "ራዲዮ የምትሰማዋ ልጅ ትንበያውን ትንገረን" አሉ። ተነሣሁ። ከተነሣሁ በኋላም ከፊቴ የቆመች ወፍራም ሴት ስለነበረች ብዙ ሰው አላየኝም፤ ደስ አለኝ። እኔ ቀስ ብዬ ተናገርኩ፤ አጠገቤ ያለችው እህት ጮክ ብላ ደገመችው። ምንም አላጎደለችም። በደቡብ ምዕራብ በኩል ሙቀቱ ለጥቂት ቀናት ከወትሮው ይጨምራል፤ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ግን ጠንካራ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ በአንዳንድ ቦታዎችም ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሊጥል ይችላል።

"እንግዲያው ብርዱ ይለፍ" አለ አንዱ።

"ለምን ይለፍ?" አለ አናጢው። "ቀኑን እኮ ነገረችን! ሙቀቱ እያለ አፍርሰን፣ ብርዱ ሳይደርስ እንከድናለን።"

ሁሉም ተስማማ። አክስቴም ተስማማች። እኔም የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም ተቀምጬ ነበር።

በማግስቱ ሳሩን ለማውረድ የመጣው ሰው ግቢው አልበቃውም። ክዳን ማፍረስ ሰው ይወዳል። ጥላሸቱ እየቦነነ፣ አይጦቹ እየዘለሉ፣ ወንዶቹ ላይ ሆነው እየተጯጯሁ ረፋድ ላይ ጨረሱ። ጎደሬ በሉ፤ በቃሪያና በዝንጅብል የፈላ የቡና ቅጠል ጠጡ፤ አክስቴን መረቋት። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

አልተመለሱም። ብርድ ይመጣል ተብሎ ስለተነገረ፣ እያንዳንዱ ሰው ብርዱ ሳይደርስ ቡናውን ሊያደርቅ ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር። ይህንንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አናጢውና የእህቱ ባል ብቻ እየመጡ የተበላሸውን ማገር ሲለውጡ፣ የጣሪያውን ወራጅ እንጨት ሲመቱ ሰነበቱ። አክስቴ ማታ ማታ ጣሪያ በሌለው ቤት አልጋዋ ላይ ተጋድማ ሰማዩን ታያለች። ሙቀት ስለሆነ ደረቷም ደህና ነበር። "ቤቱ ሰፋ" ትለኝ ነበር።

ወራጁ ባለቀበት ቀን ጠዋት ራዲዮው ቀዝቃዛው አየር ከተጠበቀው ቀድሞ መግባቱን፣ በእኛ አካባቢም ከቀትር በኋላ እንደሚጠነክር ተናገረ። ለአክስቴ ነገርኳት። "ሳምንቱ መጨረሻ ብለሽ አልነበር?" አለችኝ። ራዲዮው እንዳለው ነገርኳት። "አንቺን ነው የማውቀው" አለች።

ረፋዱ ላይ ከማሻ በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ መጣ። አክስቴ ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳያነሣው ጋቢዋን ተከናንባ በላዩ ተቀመጠች፤ ከተቀመጠች ጀምሮ ታስላለች። ሳሏን አውቀዋለሁ፤ በክረምቱም የጀመራት እንዲሁ ነበር።

"ጎረቤት ቤት ግቢ፣ እስኪያልፍ ብቻ" አልኳት።

"ቤቴ እያለ?"

አናጢው ወደ ላይ አየ፤ ወደ ቆርቆሮው አየ። "ሰው አምጪ" አለኝ። "በዚህ ነፋስ ሁለት ሰው ቆርቆሮ ይዞ አይወጣም። አቀባይ ያስፈልጋል፣ ያዥ ያስፈልጋል። ቶሎ በይ!"

ሄድኩ። መጀመሪያ የደረስኩበት ቤት ሴትየዋ ቡና እያገላበጠች ነበር።

"ደህና አደርሽ? አክስትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ደረቷስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ምነው፣ አንድ ነገር ፈልገሽ ነው?"

"አይ" አልኳት። ሌላ ልናገር ነበር፤ ግን አይ ካልኩ በኋላ እንዴት እንደሚቀጥል አላወቅሁም። የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በሁለተኛው ቤት ስለ ቡናቸው ነገሩኝ። ሰማኋቸው። ሲጨርሱ ቡናው እንደሚያምር ነግሬያቸው ወጣሁ። መንገዱ ላይ ቆሜ ገና ያልገባሁባቸውን ቤቶች አየሁ። በእያንዳንዱ ሰላምታ አለ፤ ከሰላምታው በኋላ ደግሞ መለመን አለ።

ሦስተኛው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ቤት ነበር። ሰውየው ሚዛን ከተማ ሄዷል። ሚስቱ ከጓሮ ነበረች። ጡሩምባው በረንዳው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የእኛ ሰፈር ያ ጡሩምባ ሲነፋ ቡናውን ጥሎ ይወጣል። አወረድኩት።

በሕይወቴ ነፍቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ እንደ ጥጃ ጮኸ። ጉብታው ላይ ወጥቼ ደግሜ ስነፋው ግን ትክክለኛው ድምፅ ወጣ። ራሴም ደነገጥኩ።

ከየቤቱ ሰው መውጣት ጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ አካፋና ዶማ እየያዙ መጡ።

"ማን ነው? ማን ነው ልጄ?"

በእጄ ወደ ቤታችን አሳየኋቸው። ሰው የሚፈለገው እዚያ ነው።

"አክስትሽ?"

"ጣሪያው…" አልኩ።

"ወይኔ! ጣሪያው ወደቀባት!" አለች ጎደሬ የሰጠችኝ ሴት፤ ራሷን ይዛ ሮጠች። ወራጅ ብቻ ያለው ጣሪያ እንዴት ሰው እንደሚገድል የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ሮጠ። እኔም ጡሩምባውን ይዤ ከኋላ ሮጥኩ።

አክስቴ ቆርቆሮው ላይ እንደተቀመጠች ልቅሶው ሲመጣ አየች። እሷ የእድር ግዴታዋን አጓድላ አታውቅም። ተነሣች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች እያሳለች ወደ ሰዎቹ ሄደች። ማን እንደሞተ ባይታወቅም የወንድም ልቅሶ ለሁሉም ይሆናል። ፊት የነበሩት ሲያዩዋት ቆሙ። ከኋላ የሚመጡት ስላላዩ ልቅሶው ቀጠለ። አክስቴም ቀጠለች። በመጨረሻ አንዷን ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

"ማንን ነው የምናለቅሰው?"

"አንቺን።"

አክስቴ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ እኔ አየች። ጡሩምባው በእጄ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ደረሱ። መሮጥ ስላደከማቸው መጀመሪያ ቆመው ተነፈሱ።

"ጡሩምባ ያለ ሬሳ አይነፋም" አሉ። "ደንብ ነው! ሰው ሁሉ ቡናውን ጥሎ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ያውቃል?"

"ታዲያ ልሙትላችሁ?" አለች አክስቴ። ሳሏ ያዛትና እስኪለቃት ሁሉም ጠበቀ። "ጣሪያው እንዲህ ክፍት ካደረ ሬሳው እስከ ነገ ይደርስላችኋል። ሁለት ጊዜ ከምትመላለሱ እዚሁ ጠብቁኝ።"

ማንም አልሳቀም። ዳኛው ወደ ቤቱ አዩ፤ ከቤቱ በላይ ደመናውን አዩ። ነፋሱ ባርኔጣቸውን ሊወስድ ሲል ያዙት።

"መዶሻ ማን ይዟል?" አሉ።

ማንም አልያዘም። ሰው ሁሉ የመጣው መቃብር ሊቆፍር ነው። አናጢው ያለውን መዶሻ አካፈለ፤ የቀረው በዶማ ጀርባ ምስማር መታ። ግማሾቹ ከታች ቆርቆሮ አቀበሉ፤ ግማሾቹ ላይ ሆነው ነፋስ እንዳያነሣው ተቀመጡበት። ዳኛውም ኮታቸውን አውልቀው ወጡ። "ያዝ! አንተ፣ ጫፉን ያዝ! ለቀብር መጥተህ ልትቀበር ነው?" እያለ አናጢው ይጮህ ነበር። ሴቶቹ ሳቁ፤ ነጠላቸው ግን እንደተዘቀዘቀ ነበር፤ ለማስተካከል ጊዜ አልነበራቸውም።

ነፋሱ ጣት እስኪያደነዝዝ በረደ። የመጨረሻውን ረድፍ ሲመቱ ዝናቡ ጀመረ። ሁሉም ቤት ውስጥ ገባ፤ ቆመንም አልበቃንም። አንዷ በሩጫ ለለቀስተኛ ብላ የጣደችውን ንፍሮ አምጥታ ስለነበር በላነው። አክስቴን መካከል አድርገው እሳቱ ዳር አስቀመጧት። ከሁሉም ቀድማ ንፍሮውን የዘገነችው እሷ ናት። እየበላች ቤት ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ታይ ነበር።

"እነዚያ የወንዙ ማዶዎቹ አልመጡም" አለችኝ በጆሮዬ።

"አልሰሙ ይሆናል።"

"ሰምተዋል። እኔ ግን ለእነሱ ልቅሶ ሄጄ ነበር።"

ዝናቡ ጋብ ሲል ሰዎቹ መውጣት ጀመሩ። ዳኛው ጡሩምባውን ከእጄ ወሰዱ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ወደ አክስቴ ዞሩ።

"የዛሬው አይቆጠርም። ጊዜው ሲደርስ ድጋሚ እንመጣለን።"

"ትመጣላችሁ" አለች አክስቴ። "ያኔ ንፍሮው ላይ ጨው ጨምሩበት።"

ሲመሽ ዝናቡ ተመለሰ፤ ብርዱም ከቀኑ ባሰ። አክስቴ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርባ ተኛች። እኔ ሳሏን ለመስማት ነቅቼ ነበር። በሳር ክዳን ጊዜ ከመደቤ ሆኜ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ቆርቆሮው ግን ዝናብ ሲመታው ሌላ ምንም አያሰማም። ብታስልም አልሰማም፤ ባታስልም አላውቅም። ተነሥቼ ሄድኩና እጄን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ከፍ ዝቅ ይላል። ሞቃት ነው፤ ሲር ሲር አይልም። እርግጠኛ ለመሆን እጄን ሳላነሣ ቆየሁ።

"አልሞትኩም" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ሰፈሩ በሙሉ ምስክር ነው። ሂጂ ተኚ።"