ቶሌ እና ቶሎ

በጃንሆይ ዘመን ነፍሰ ጡር ሚስቴን ይዤ ከጎጃም ነቀምቴ ስገባ፣ ከኦሮምኛ የማውቀው «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠትን ብቻ ነበር። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለሙከራ ያዘኝ። መስከረም ሳይጠባ ለትምህርት ቤት የሚደርሱ አግዳሚ ወንበሮች እንሠራለን። እኔ የወንበሩን እግር ቆርጬ ጫፉን አቀጥናለሁ፤ የአገሩ ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ አናጢ ደግሞ መቀመጫውን በስተው እግሩን ይገጥሙበታል።

የመጀመሪያውን እግር ገጥመው ነቀነቁትና «ቶሌ» አሉኝ። ጆሮዬ የጎጃም ነውና «ቶሎ» ብሎ ሰማ። ሁለተኛውንም ሞክረው «ቶሌ»። ምን አስቸኮላቸው ብዬ መለካቱን ተውኩና መጋዙን እንደ እብድ ነዳሁት። እሳቸው መቀመጫ ሲበሱ ሰነበቱ፣ እኔ እግር ስከምር። ቅዳሜ ከክምሩ እያነሱ ቢገጥሙ፣ አብዛኛው ይወዛወዛል።

አሠሪያችን የባከነውን ዋንዛ አየና «ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለኝ። ሚስቴ ልትወልድ ተቃርባለች፤ በአገሩ ዘመድ የለኝም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አባባ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ቶሎ ቶሎ ያሉኝ?»

ትክ ብለው አዩኝና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለካ «ቶሌ» በኦሮምኛ «ደህና ነው፣ ሆኗል» ማለት ነው! ሰውየው ሥራዬን ሲያደንቁ ነበር እኔ የሮጥኩት።

ወደ አሠሪያችን ዞሩ። «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ምን እንደሰማ አልጠየቅሁትም። ክምሩም ስህተቱን ደበቀብን። አንድ ይቁረጥ፣ አንድ ልግጠም። ቶሌ ሳልለው ሌላ እንጨት አይንካ።»

አሠሪያችን እያጉረመረመ ወንበሮቹ እስኪያልቁ ፈቀደልኝ።

ሰኞ ጠረጴዛዬን ከእሳቸው አጠገብ አዛወርን። ክምር ቀረ። ስህተት ሲገኝ ሁለታችንም እጃችንን እንሰበስባለን፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ አንቀጥልም። በየቅዳሜው «በዚህ ሳምንት ምን አስቸገረን?» ይሉኝና አንዷን ነገር መርጠን እናስተካክላለን። አንድ ቅዳሜ መለኪያዬን በገመድ ከጠረጴዛው ጋር አሰሩልኝ፤ እሱን ስፈልግ ነበር ቀኑ የሚሄደው። የተበላሹትን እግሮች እንኳ ሽብልቅ አድርገን ተጠቀምንባቸው። እኔ ግትር ሰው ነኝ፣ እርማት ያናድደኛል። ከእሳቸው አፍ ሲመጣ ግን ተናድጄ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

የመጨረሻው ወንበር ያለቀ ዕለት አሠሪያችን መጥቶ ተቀመጠበትና ወዲያ ወዲህ ተነቃነቀ። ከዚያ ሽማግሌውን አያቸው። እሳቸው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቁመው «እሱን ጠይቀው» አሉት።

«ቶሌ» አልኩ።

«እንግዲያው ሰኞ ና» አለኝ።

ሽማግሌው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ከኋላው ጨመሩበት፤ «ቶሎ ና!»