አዋሽ የድሮ መንገዱን የተወበት ካርታ

ይህ ጉዳይ ያስወጣኝ አንድ የሽንኩርት መጋዘን ከነሽንኩርቱ፣ አንድ የወታደር ካርታና የሦስት ቀን ደጅ ጥናት ነው።

ከአዳማ ወረድ ብላ ባለች የአዋሽ ዳር የስኳር ፋብሪካ ከተማ ለሽንኩርት ነጋዴዎች የመጋዘን ቦታ ሲታደል፣ ለእኔ አሸዋማው ደረሰኝ። ደስ ብሎኝ መጋዘኔን ሠራሁበት። የሽንኩርት ነጋዴ አሸዋ ካየ ልቡ ያርፋል፤ እርጥበት ስለማይዝ ሽንኩርት አይበሰብስበትም። አሸዋው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሃያ ዓመት ከመቂና ከዓለም ጤና ሽንኩርት ስጭን የኖርኩት እኔም አልጠየቅኩም።

መልሱን ያገኘሁት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። ለባለቤቴ ሱቅ አሮጌ ወረቀት በኪሎ እንገዛለን። ከእስሩ መሃል በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ለጦሩ የተሠራ ካርታ ወጣ። ፋብሪካው፣ ድልድዩ፣ የአገዳው ቦይ፣ የአዋሽ ኩርባ ሁሉ አለበት። በእኔ ቦታ ላይ ደግሞ የተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ያልፋል፤ ሥሩ "አሮጌ የወንዝ መሄጃ፣ በክረምት ይሞላል" ይላል። መድፍ እንዳይሰጥም የተጻፈ እንጂ ለሽንኩርት ታስቦ አይደለም።

ክረምት ሳይገባ ቦታ እንዲቀይሩልኝ ካርታውን ይዤ ቦታውን ወዳደለን ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

"አባቴ፣ ይህን ከየት አመጡት?"

"ከመጠቅለያ ወረቀት። በርበሬ ሊቋጠርበት ነበር።"

"ምስጢር የሚል ማኅተም አለበት እኮ!"

"ከማን ነው የሚደበቀው? ወንዙ እንደሆነ መንገዱን ያውቀዋል።"

"አይቀልዱ። የጦር ሰነድ በግለሰብ እጅ አይቀመጥም።" መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆለፈበት።

"ቦታውስ?"

"በባለሙያ የተጠና ነው። ይሂዱ፣ ሽንኩርትዎን ያስገቡ።"

ሌላ የት ላድርገው? አስገባሁ። ነሐሴ ላይ አዋሽ መጣ፤ ከሰማያዊው መስመር አንድ እርምጃ ሳይስት። ሽንኩርቴ አገዳው ውስጥ ሲንሳፈፍ ቆሜ አየሁ።

ካሳ ጠየቅኩ። የመጣልኝ ደብዳቤ እስካሁን ደሜን ያፈላዋል፦ "በታወቀ የወንዝ መሄጃ ላይ በራስዎ ኃላፊነት ስለገነቡ ጥያቄዎ ተቀባይነት የለውም።" በማን ዘንድ የታወቀ? ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው የእኔው ካርታ ፎቶ ኮፒ ነው! ጥጉ ላይ የባለቤቴ የበርበሬ ጣት አሻራ ሳይቀር ይታያል። እኔ ስይዘው ምስጢር፣ እኔኑ ሲመቱበት ማስረጃ። ቦታውን የሰጡኝ እነሱ፣ ማስጠንቀቂያዬን የቆለፉት እነሱ፣ ጥፋተኛው እኔ።

ቀሪው ይህ ነው፦ መጋዘን የለም፤ ሽንኩርት የለም፤ ካርታው መሳቢያቸው ውስጥ ነው። ቦታው በስሜ ነው፤ አሸዋ ጨምሯል።