የአርብ እንግዶችና የስኳር መለኪያው

በአውሮፓውያኑ 2010 አካባቢ፣ ጀርመን አገር ኖርድቬስትሽታት በሚባል ሰፈር፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ በነበረ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በእንግዳ ተቀባይነት ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። በዚያ ቤት ከቁጥር በስተቀር የማያጥር ነገር አልነበረም። የስኳር ሕመምተኞች በየሦስት ወሩ መለኪያቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘዋለሁ፤ ውስጡ የተጠራቀመው ውጤት ሁሉ ይገለበጣል። ሐኪሟ የምታየው ግን ከላይ የሚወጣውን አማካይ ብቻ ነበር። ለአንድ ሰው ያላት ጊዜ ካፖርት ለማውለቅ እንኳ አይበቃም። የተቀረው የሚሰበሰበው መሰብሰብ ስላለበት ነው።

ከታካሚዎቻችን አንዱ ቀድሞ ባንሆፍ፣ ማለትም ባቡር ጣቢያው፣ አካባቢ ሱቅ የነበራቸው የወሎ ሽማግሌ ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። ኢንሱሊን ይወጋሉ። አንድ ጊዜ አማካያቸው ከፍ አለና ሐኪሟ መድኃኒቱን ጨመረችላቸው፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ጨመረች። ከላቦራቶሪ የመጣው ውጤት ስኳራቸው ደህና መሆኑን ይናገር ነበር። እሱ ግን ሌላ ገጽ ላይ ስለነበረ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ፊታቸው በላብ ርሶ መጡ።

«ልጄ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቴምር ካልጎረስኩ መቆም አቃተኝ። መድኃኒቱ በዛብኝ መሰለኝ።»

«ቴርሚን አለዎት አባባ?» አልኳቸው፤ ቀጠሮ ይዘዋል ወይ ማለቴ ነው።

«ለመንቀጥቀጥም ቴርሚን ይያዛል እንዴ?»

አስገባኋቸው። ሐኪሟ ያን ቀን አንድ ታካሚ ቀርቶባት ስለነበር ዝርዝሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተችው። አርብ አርብ ከምሳ በኋላ ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል። መለኪያው ተበላሽቷል አለች፤ ተረጎምኩላቸው።

«ምን ይበላሻል! የእንግዶቼ ነው እንጂ» አሉ ተቆጥተው።

ለካ ከጁምዓ በኋላ እሳቸው ቤት ምሳ የሚበላው ሰው ብዙ ነው። ከምሳው በኋላ ሻይ ይቀርባል፤ ከሻዩ በኋላ መለኪያው ይዞራል። መርፌውን እየቀየሩ የሁሉንም ጣት ይወጋሉ።

«ሰው ቤቴ መጥቶ ለራሴ ብቻ ልለካ? ነውር አይደለም?»

ሳቄ መጣ። ሐኪሟም ስተረጉምላት ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ዝርዝሩን ወደ ኋላ ገለጠች። እንግዳ በሌለበት በማለዳም፣ ከእሳቸው ቁጥር ቀጥሎ ሁልጊዜ ሌላ ቁጥር አለ፤ ከሦስት መቶ የሚበልጥ፣ አደገኛ ቁጥር።

«ይሄስ የማን ነው?» ብላ በእኔ በኩል ጠየቀቻቸው።

«የባለቤቴ። መጀመሪያ ላይ መርፌ እፈራ ነበር። እኔም አብሬ እወጋለሁ ብላ አደፋፈረችኝ፤ በዚያው ለመደብን።»

«ቁጥሩን አላዩትም?» አልኳቸው እኔ።

«ያለ መነጽር የራሴንስ መች አየዋለሁ? እሱን ሐኪሟ ታየዋለች። ክፉ ቢሆን ትነግሩን አልነበር?»

ይህን አልተረጎምኩላትም። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሴም አልገባኝም። ሐኪሟ የእሳቸውን መድኃኒት ቀንሳ ባለቤታቸውን በማግስቱ እንዲያመጡ ነገረቻቸው።

አመጧቸው። ሴትዮዋ የበሩን መቃን እየዳበሱ ገቡ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ እርጅና ነው ብለው ትተውታል። የኢንሹራንስ ካርዳቸው አንድም ቀን ሐኪም ቤት ገብቶ አያውቅም።

«እማማ፣ እስካሁን ለምን አልመጡም?» አልኳቸው።

ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ደሜን በየጊዜው እናንተው ታዩት የለም እንዴ?» አሉኝ። «ዝም ስትሉኝ ጊዜ፣ ደህና ነኝ ብዬ ነዋ።»